አስቸኳይ፦ ካምቢዮዬ ሞተ፣ እስከ ነገ ጠዋት ከሦስት ያገለገሉ መኪኖች አንዱን መምረጥ አለብኝ

ፀሐይ_21
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ዲ ሳስገባ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይንቀሳቀስም። መካኒኩ «ካምቢዮው አልቋል፣ ሌላ መኪና ፈልጊ» ብሎኛል። ያለ መኪና ሥራዬ ይቆማል። ሦስት አይቻለሁ፦ ኮሮላ 2004 ባለ 1.8፣ ያሪስ 2008 ባለ 1.3፣ ኒሳን ቃሽቃይ 2010 ባለ 2.0 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቃሽቃዩ ከሁሉም ንጹሕ ነው፣ ውስጡ አዲስ ይመስላል፣ የሄደው 90 ሺህ ብቻ ነው። የኮሮላው ባለቤት ደግሞ ነገ ጠዋት ሌላ ገዢ አለኝ ይላል። የነዳችኋቸው የትኛው ነው የማያስቸግረው? እባካችሁ ቶሎ።

መንገደኛ
ኮሮላ። አለቀ።
ደግሞ ያ «ሌላ ገዢ» ለሁላችንም ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው 😄 አትቸኩይ።

ካቴና
«ኮሮላ» ብሎ መዝጋት አይበቃም፣ የትኛው ኮሮላ? 2004 ላይ ባለ 1.8 ቤንዚን ከሆነ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ነው። በካቴና የሚሠራ ብርቱ ሞተር ነው፣ አንድ የታወቀ በሽታ ግን አለው፦ ዘይት ይበላል። ከ2005 በፊት በተሠሩት ላይ፣ ከዘይት ፋሻው (ፒስተኑን ከብቦ ዘይት የሚጠርገው ቀለበት) ሥር ያሉት የፒስተን ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ዘይት ሳይቀየር ሲሰነብት ቀዳዳዎቹ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ወደ ታች መመለስ የነበረበት ዘይት ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ኋላ ላይ ፒስተኑ ተሻሽሏል። ስለዚህ «ኮሮላ አይነካም» የሚለውም «ኮሮላ በዘይት አስመረረኝ» የሚለውም ስለ አንድ ሞተር እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

ነገ እንዲህ አድርጊ። ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን ከፍተሽ ሞተሩን በእጅሽ ዳስሺ፤ ሞቆ ከጠበቀሽ ሌላ ሰዓት ቅጠሪ። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ ደረጃውን እዪ። ይህ ሞተር ከነፊልትሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ገደማ ስለሆነ 1 ሊትር ጎደለ ማለት ከሩብ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ አስነሺና ከኋላ ሰው ቆሞ ጭሱን ይመልከት። ሲነሳ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ሆኖ ከጠፋ የቫልቭ ላስቲክ ነው፣ እሱ ቀላሉ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳትሰጪ በማርሽ ወርደሽ፣ ታች ላይ ነዳጅ ስትረግጪ ሰማያዊ ደመና ከወጣ ግን ፋሻ ነው። እሱ ሞተር ማስፈታት ነው።

ናፍጣ
ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለኪ፣ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መስመር ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ14 ፒኤስአይ (1 ባር ገደማ) በላይ ልዩነት ካለ ተዪው። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፦ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ)።

ካቴና
ናፍጣ፣ አለካኩ ልክ ነው፣ ለዚህኛው በሽታ ግን አይሠራም። ኮምፕሬሽን የሚይዙት ላይኞቹ ሁለት ፋሻዎች ናቸው፤ የሚጣበቀው ሦስተኛው፣ የዘይቱ ነው። ዘይት የሚጠጣ 1ዜድዜድ ኮምፕሬሽኑ ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲያውም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ዘይት ክፍተቱን እየደፈነ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ካንዴላው ከወጣ አይቀር ራሱን ካንዴላውን እዩት። ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት ወይም እርጥብ ጥቁር ዘይት ካለ መልሱ እዚያው ነው።

ናፍጣ
እሺ፣ ለዘይት ፋሻ ካንዴላው ይሻላል። ለቫልቭና ለጓርኒሲዮን ግን ኮምፕሬሽኑን አልለቅም።

ጋሽ ሞተር
ልጆች፣ ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። «የትኛው የማያስቸግር?» ብለሽ ስትጠይቂ መቶ ሰው መቶ ስም ይጠራልሻል። የባለቤት ምስክርነት አነባበብ አለው።

ስድስት ወር የያዘ ሰው መኪናው እንዴት እንደሚነዳ እንጂ እንዴት እንደሚያረጅ ሊነግርሽ አይችልም። እሱን እለፊው። መፈለግ ያለብሽ ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ተመሳሳይ ኪሎ ሜትር ላይ፣ ስለ አንድ ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ምልክት ሲያማርሩ ነው። ለምሳሌ ፎርድ በፎከስና በፊየስታ ላይ ያስገባውን ፓወርሺፍት የሚባል ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ካምቢዮ ውሰጂ፤ ባለቤቶቹ በየአገሩ የሚናገሩት አንድ ነው፦ ከቆመበት ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሲገጥም የዲዛይን ነው። አንዱ ባትሪ፣ ሌላው የመስታወት ማንሻ፣ ሦስተኛው ጎማ እያለ ከተበታተነ ግን የአያያዝ ነው፣ መኪናውን አትውቀሺ።

ሌላው፣ ስም አትግዢ። አንድ ስም ሥር ሦስት ሞተርና አራት ካምቢዮ ይሸጣል። የሞተሩን ኮድና የካምቢዮውን ዓይነት ሳታውቂ የምታነቢው አስተያየት ስለ ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። የሌሎች ልምድ የሚሰጥሽ ነገ የምትመረምሪውን ዝርዝር ነው። ፍርዱን የሚሰጥሽ ፊትሽ የቆመው መኪና ነው።

አሁን ያልነገርሽንን ንገሪን፦ ኮሮላውና ያሪሱ ስንት ሄደዋል? ካምቢዮአቸው ምንድን ነው? ሻጩ ባለቤት ነው ወይስ ነጋዴ?

ስካነር
እኔ ደግሞ ከመነሻው አልስማማም። የራስሽ መኪና ካምቢዮ መሞቱን ማን አረጋገጠ? የስህተት ኮዱ በመመርመሪያ መሣሪያ (ስካነር) ተነቧል? «ዲ አስገብቼ አይሄድም» ብዙ ምክንያት አለው። ዘይቱ ጎድሎ ግፊት አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በብረት ቀበቶና በፑሊ የሚሠራ ካምቢዮ) ወይም ተራ ኦቶማቲክ ከሆነ የፍጥነት ሴንሰር ሲበላሽ (ፒ0715 የመግቢያው፣ ፒ0720 የመውጫው) ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ወደ መከላከያ ሁኔታ ያስገባዋል። የግፊት ሶሌኖይድ (የዘይቱን ግፊት የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ከሆነ ፒ0746 ወይም ፒ0776 ይሰጣል። የባትሪ ቮልቴጅ መውረድ እንኳ ካምቢዮ ያሳብዳል። የማርሽ ገመዱ ከእጀታው ወልቆም ይሆናል፣ እሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ ኮድ ይነበብ፣ የዘይቱ ደረጃና ሽታ ይታይ፣ ከዚያ የታችኛው ገንዳ ይውረድ። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር ጤናማ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ስንጣሪ ካለ ያኔ መካኒክሽ ልክ ነው።

መንገደኛ
የካምቢዮ ዘይት ቀይሪ፣ ይነሳል።

ፀሐይ_21
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንም። ኮሮላው 210 ሺህ፣ ኦቶማቲክ፤ ባለቤቱ «አልፎ አልፎ ዘይት እጨምራለሁ» ብሎኛል። ያሪሱ 140 ሺህ፤ ኦቶማቲክ ነው ተብያለሁ፣ ግን እጀታው ላይ ፒ የለም፣ አር፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤም ነው የተጻፈው። ቃሽቃዩ ከነጋዴ ነው። የኔ መኪና ኮድ አልተነበበም፣ ሞክሮት ብቻ ነው የፈረደው። እውነት ለመናገር ልቤ ቃሽቃዩ ላይ ነው።

ስካነር
ልብሽን ትንሽ ያዥው። ቃሽቃይ 2.0 ቤንዚን ኦቶማቲክ ከሆነ ሲቪቲ ነው። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩ ሞዴሎች የሲቪቲ ዋስትናን ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል (193,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) አራዝሞ ነበር። ቅሬታው ከባለቤቶች ወሬ ያለፈ መሆኑን በዚህ እወቂ።

ሁሉም ሲቪቲ ይሞታል ማለት አይደለም። ዘይቱ በየ40 እስከ 60 ሺህ በትክክለኛው ዓይነት ከተቀየረ ዕድሜ አለው። ለዚህኛው ኤንኤስ-2 ነው፤ ተራ የኦቶማቲክ ዘይት ከገባበት የብረት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምርና ፑሊውን ይፍቃል። ስለዚህ የዘይት ቅየራ ማስረጃ ጠይቂ። ማስረጃ ከሌለ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድተሽ በደንብ ይሙቅ፤ ሲቪቲ ሲቀዘቅዝ ደህና መስሎ ሲሞቅ ነው የሚጋለጠው። በ20 እና በ60 መካከል ነዳጅ በስሱ እየረገጥሽ ሂጂ፦ መንቀጥቀጥ ካለ ተመለሺ። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ዋይታ ኩሽኔታ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ጉልበቱ በድንገት ከወደቀ ጋለና ራሱን እየተከላከለ ነው።

ስካነር ሲሰካ የስህተት ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያስደስትሽ። የራስ-ፍተሻ ማሳያዎቹ «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ተደምስሷል ማለት ነው፣ ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ብዙ መኪኖች ላይ «ኮድ ከተደመሰሰ ወዲህ የተሄደ ርቀት» የሚል መስመርም አለ። እዚያ 12 ኪሎ ሜትር ካየሽ ነጋዴውን ምን እንዳጠፋ ጠይቂው።

ላሜራ
90 ሺህ ለ2010 መኪና ጥቂት ነው። የማይቻል አይደለም፣ ግን መኪናው ራሱ ይመስክር። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ፣ መሪው ለስልሶ፣ የሹፌሩ ወንበር ጎን ተበልቶ ከሆነ የኪሎ ሜትር ጌጁ ወደ ኋላ ተመልሷል። ውስጡ «አዲስ» ከሆነ ደግሞ ለምን አዲስ ሆነ ብለሽ ጠይቂ፤ የመሪ ልብስና አዲስ የፔዳል ላስቲክ ለዚሁ ነው የሚገዙት።

ቀለሙ በመለኪያ ይለካ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከ300 ካለፈ ሥሩ ስቱኮ አለ። የኮፈኑና የበሮቹ ማጠፊያ ቡሎን ላይ ቀለሙ በቁልፍ ተልጦ ከሆነ ተፈቷል። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቢው፦ ታች ላይ ጭቃ ወይም የውኃ መስመር ካለ ጎርፍ ውስጥ ገብቷል። የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል፣ እሱ ከበራ መብራት የባሰ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር ራስሽ አስተያዪ፣ በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም።

ናፍጣ
ማንም ያሪሱን አላነሳም፣ መልሱ ግን እዚያ ይመስለኛል። ፒ ከሌለው ኦቶማቲክ አይደለም፣ መልቲ ሞድ የሚባለው ነው። ካምቢዮው ማኑዋል ነው፤ ፍሪሲዮኑን በእግርሽ ፋንታ የኤሌክትሪክ ሞተር ይረግጥልሻል። ጥሩነቱ፣ ውስጡ የሲቪቲ ቀበቶም ቶርክ ኮንቨርተርም (በኦቶማቲክ ውስጥ የሞተሩን ኃይል በዘይት የሚያስተላልፈው) የለም። ክፉነቱ፣ ባለቤቶች ኦቶማቲክ መስሏቸው ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ይዘውት ይቆማሉ፣ ፍሪሲዮኑም እዚያው ይበላል።

ሲሞከር፦ ከኤን ወደ ኢ (በራሱ ማርሽ እየቀየረ የሚሄድበት) ደጋግመሽ አስገቢ፣ ከዘገየ ወይም መብራት እያበራ እምቢ ካለ የረጋጩ ሞተር ወይም ፍሪሲዮኑ ነው። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ይዘሽ አስነሺ። ኋላ ማርሽም በዳገት ይሞከር። ማርሽ ሲቀይር ትንሽ መንገጫገጩ ጠባዩ ነው፣ የተቃጠለ ሽታ ግን ጠባይ አይደለም። ፍሪሲዮን ተቀይሮለት ከሆነ በስካነር እንደገና የማስለመድ ሥራ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቂ፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱ ፍሪሲዮንም ይንዘፈዘፋል። ፒ ስለሌለው ስታቆሚው ማርሽ ውስጥ ትተሽ የእጅ ፍሬን መሳብ ግዴታ ነው።

የተጻፈው ኪሎ ሜትር እውነት ከሆነና ፍሪሲዮኑ ካልጨረሰ፣ ከሦስቱ እኔ ይህንን አስቀድማለሁ።

ካቴና
ኮሮላው ላይ «አልፎ አልፎ እጨምራለሁ» ካለ በሽታውን ራሱ ነግሮሻል። «በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር?» በይው። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከደረሰ ፋሻው ሄዷል፣ የሞተር ሥራውን ከሚጠይቅሽ ዋጋ ላይ አስቀንሺ ወይም ተዪው። ካምቢዮው ግን ባለ 4 ማርሽ ተራ ኦቶማቲክ ከሆነ የመኪናው ጠንካራ ጎን እሱ ነው። ሞቆ፣ ፍሬን ይዘሽ፣ ከኤን ወደ ዲ በ1.2 ሰከንድ፣ ከኤን ወደ አር በ1.5 ሰከንድ ውስጥ መያዝ አለበት። ከዘገየ ወይም «ጓ» ብሎ ከመታ ጤና አይደለም።

መንገደኛ
አሁንም እላለሁ፣ መጀመሪያ የራሷን ካምቢዮ ዘይት ትቀይር።

ስካነር
ጎድሎ ከሆነ መሙላቱ ይረዳል፣ ዓይነቱ ሳይታወቅ ግን አንድ ሊትርም አይጨመርበት። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ቅየራው ምንም አያድንም፣ የጠፋውን ፍሪሲዮን አይመልስም። ፀሐይ፣ ኮዱን አስነብበሽ ቁጥሩን እዚህ ጻፊው። ፒ0715 ወይም ፒ0720 ብቻ ከሆነ ሴንሰሩና ሽቦው ሳይፈተሽ መኪናሽን በቁራጭ ብረት ዋጋ አትስጪ።

ጠጠር
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ባለ 1.6 ኮሮላም በዚያው ዘመን ዘይት ይበላል?

ካቴና
3ዜድዜድ ከሆነ አዎ፣ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ናቸው፣ የቁልቁለቱን ፍተሻ አድርግበት። ባለ 1.5 (1ኤንዜድ) ሌላ ሞተር ነው፣ በዚህ አይታማም።

ስካነር
ፀሐይ፣ ኮዱ ተነበበ?