ጥቆማ፦ ሴት ልጆቹን ይዞ ለሚወጣ ወላጅ

ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች። ስለዚህ ቅዳሜ የእኔና የሁለቱ ሴት ልጆቼ ቀን ነው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሿ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። የሥራ ባልደረቦቼ "የት ትወስዳቸዋለህ? ልብሱን የት አሰፋኸው? ልደቱን እንዴት አደረጋችሁ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። እንቁጣጣሽም እየደረሰ ነው።

መጀመሪያ መለኪያዬን ልንገራችሁ። አንድን ቦታ ጥሩ ነው የምለው ፎቶ ላይ ስላማረ አይደለም። ሽንት ቤቱ የት ነው? ጥላ አለው? ትንሿ ሲደክማት የምናርፍበት አለ? እነዚህን ነው የማየው። ለአባት በተለይ የሽንት ቤቱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንድ ቀን አንድ መዝናኛ ውስጥ ትልቋ ብቻዋን ሴቶቹ ጋ ገባች። በሩን ከውስጥ ቆለፈችና መክፈት አቃታት። "አባዬ! አባዬ!" ትላለች፤ እኔ ውጭ ቆሜያለሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደርሰው አወጡልኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ ስንደርስ አስቀድመን የምናየው ሽንት ቤቱን ነው። ልጄ በሩን ገጠም ታደርገዋለች እንጂ አትቆልፍም። እኔም ደጁ ላይ ቆሜ እስክትወጣ አወራታለሁ።

በዚህ መለኪያ አንደኛ የማደርገው አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ሙዚየም ለሕፃን ይከብዳል ይላል። እኔ እንደዚያ አላገኘሁትም። ሁሉን ለማየት አትሩጡ። ምድር ቤቱን ብቻ አይታችሁ ውጡ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ድንቅነሽ እዚያ ናት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ አንዱ የተጋደመ፣ አንዱ የቆመ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ነው። ትልቋ ልጄ መስታወቱ ሥር ቆመች፤ መዳፏን አናቷ ላይ አደረገችና ወደ መስታወቱ ቀስ አድርጋ አሻገረችው። "አባዬ፣ እበልጣታለሁ!" አለች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባለው ነገር ለእሷ ምንም አልነበረም። ቁመቷ ግን ገባት።

እንደ ድንቅነሽ ቅሪተ አካሏ ስለተገኘው ስለ ሕፃኗ ሰላምም ንገሯቸው። በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ያገኛት ሕፃን ናት። ሴት ናት፤ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። ትንሿ ይህን ስትሰማ "እናቷስ የት ሄደች?" ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው የምመልስላት አልነበረኝም፤ አቅፌያት ወጣን።

አንድነት ፓርክ ይሻላል ወይስ ወዳጅነት? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እንደ ልጅቷ ዕድሜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው። የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ፤ ጥቁር ጎፈር አንበሶች አሉ። ለትልቋ ቀኑን ሙሉ የሚወራ ነገር ነው። ግን ግቢው ሰፊ ነው፤ መሄድ ይበዛበታል። የሦስት ዓመት ልጅ ግማሹን መንገድ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው የምትጨርሰው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ላለፋት አንድነት፣ ከዚያ በታች ላለችው ወዳጅነት እላለሁ። ወዳጅነት ሜዳው ገላጣ ነው። የፈለገችውን ያህል ትሮጣለች፤ ከዓይናችሁ አትርቅም።

እንጦጦን እወደዋለሁ፤ ነሐሴ ላይ ግን አልመክርም፤ ጭቃው አያስኬድም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ውጡ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጥላው ይበርዳል፣ ፀሐዩ ደግሞ ያቃጥላል። ሹራብም ኮፍያም ያዙ። ፈረሱን ልጆች ይወዱታል። ትንሽ ልጅ ብቻዋን አትቀመጥ፤ ልጓሙን የሚጎትተው ልጅ ቢኖርም እናንተ በጎን ሆናችሁ ደግፏት።

ለዝናብ ቀን አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። የልጆች ክፍል አለው፤ ክፍያ የለውም። እኛ ክረምቱን የገፋነው እዚያ ነው። ሳይንስ ሙዚየም ለትልቋ ጥሩ ነው፤ ትንሿ ግን ቶሎ ሰለቻት።

ከከተማ ልውጣ ለሚል ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ይቻላል። ከሁለቱም ጋር ስሄድ ከውሃ ፓርኩ ይልቅ ሐይቅ ዳር መቀመጥን እመርጣለሁ። እዚያ ምሳ ይበላል፣ ወፍ ይታያል፣ ጠጠር ይወረወራል። አንድ ነገር ግን አደራ። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው። ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ወዲያው ይጠልቃሉ። "እዚህ ዳር ላይ ብቻ" ብላችሁ ልጅ ውሃ ውስጥ አትልቀቁ። ጀልባ ላይም በልኳ የሆነ የዋና ጃኬት ከሌለ አታሳፍሯት። የትልቅ ሰው ጃኬት በአንገቷ ሾልኮ ይወጣል።

አሁን ወደ ልብስ። እዚህ ላይ ብዙ ተምሬያለሁ።

ለትልቋ የመጀመሪያውን የሀበሻ ቀሚስ የገዛሁት በዓይን አይቼ፣ አብረቅራቂውን መርጬ ነው። በዓሉ ቀን ገና ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ "አባዬ ይበላኛል" ማለት ጀመረች። አንገቷን ሳየው ቀልቷል። ጥበቡ የተሠራው በሚያብረቀርቅ ክር ነበር፤ ከውስጥ ገበር የለውም። ቀሚሱን ከዚያ በኋላ አልለበሰችውም። አሁን ሽሮ ሜዳ ስሄድ መጀመሪያ ከውስጥ ገልብጬ በጉንጬ እዳስሰዋለሁ። ጉንጬን ከቆረቆረኝ እሷን ይቆረቁራታል።

የእጅ ሽመናና ሽፎን የትኛው ይሻላል ለምትሉ፣ ሽፎኑ ይረክሳል፤ ቶሎም ይደርቃል። ለትምህርት ቤት የባህል ቀን ይበቃል። ለዓመት በዓል ግን የጥጡን እመርጣለሁ፤ ቀን ሙሉ ቢለበስ አያፍንም። ሲሰፋ ደግሞ ሦስት ነገር ንገሯቸው። ከጥበቡ ሥር ስስ የጥጥ ገበር ይግባ። ታችኛው ጫፍ አራት ጣት ያህል እጥፋት ይተውለት፤ በዓመቱ ይለቀቃል። ከኋላ ዚፕ ሳይሆን ቁልፍ ይሁን፤ ዚፕ የትንሿን ጸጉር ነክሶ አስለቅሷታል። የጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ለማወቅ ነጭ መሐረብ በውሃ አርጥባችሁ ጠርዙን አሹት። መሐረቡ ከቀላ ተዉት። እዚያው ሸማኔ ጋ ለማዘዝ ካሰባችሁ ከወር በፊት ሂዱ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ግርግር ነው፤ መምረጥም አይቻል።

ሹሩባ ላይ የእኔ ምርጫ ሰፈር ውስጥ ቤታቸው የሚሠሩ እናት ናቸው። ጸጉር ቤቱ ያሳምራል፤ ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ ትንሿ ወንበሩ ላይ አትቆይም። እኚህ እናት ጭናቸው መሃል አስቀምጠው ተረት እየነገሩ ይሠሯታል። "እትዬ፣ ግንባሯ ጋ ላላ ያድርጉልኝ" እላቸዋለሁ ሁልጊዜ። ግንባር ላይ ያለው ለጋ ጸጉር ከተወጠረ ይነቀላል። ማታ ራሴን አመመኝ ካለች ጠብቋል ማለት ነው፤ ሳትተኛ ፍቱላት። አርቴፊሻል ጸጉር ለዚህ ዕድሜ አልወደውም።

ጆሮ መበሳት? ጤና ተቋም ውስጥ፣ ከነማሸጊያው በተከፈተ አዲስ መርፌ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቷን ከጨረሰች በኋላ ነው እኛ ያስበሳነው። ጉትቻው ትንሽ የወርቅ ነጥብ ይሁን፤ አርቴፊሻሉ ትልቋን አመርቅዞባታል።

አራስ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማስታወሻ። ለሴት ልጅ ክርስትናው በ80ኛው ቀን ነው። የልደት ምዝገባ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከክርስትናው በኋላ የሚቀራችሁ አሥር ቀን ነው። እኛ በትልቋ ጊዜ ድግሱ ላይ ተጠምደን ምዝገባውን ረሳነው። ኬጂ ልናስገባት ስንል የልደት ሰርተፍኬትና የክትባት ካርድ ተጠየቅን፤ ከዚያ መመላለስ ሆነ። ለትንሿ ከክርስትናው በፊት ጨረስነው። ለክርስትናው ሌሊት ሁለት ፎጣና ጋቢ ያዙ፤ ውሃው ይበርዳል። ሙስሊም ጎረቤታችን ለልጃቸው በሰባተኛው ቀን አቂቃ ሲያወጡ ሥጋው ለእኛም ደርሶናል፤ ምዝገባውን ግን እሳቸው በዚያው ወር ጨርሰው ነበር። ብልህ ናቸው።

ልደትን በሁለቱም መንገድ ሞክረነዋል። የትልቋን አምስተኛ ዓመት አዳራሽ ተከራይተን፣ ፊኛና ዲኮር አሠርተን፣ አራት ኪሎ ኬክ አዘን አከበርን። ስፒከሩ ሲጮህ ትንንሾቹ አለቀሱ። ኬኩ ላይ ያለው የስኳር ሽፋን ደረቅ ነበር፤ ልጆቹ እየላጡ ጣሉት። የትንሿን ሦስተኛ ዓመት ቤት አደረግነው። አያቷ በኮባ ቅጠል ድፎ ደፉላት፤ ፋንዲሻ ፈነዳ፤ አንድ ኪሎ የክሬም ኬክ ገዛን። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ዋሉ። ዛሬም "ያ ልደት" የሚሉት ይህንን ነው። የቤቱ ይሻላል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

በተረፈው ገንዘብ ፎቶ አሳትሙ። የትንሿ የመጀመሪያ እርምጃ ስልኬ ላይ ነበር። ስልኩ ታክሲ ውስጥ ጠፋ፤ አብሮ ሄደ። አሁን በየሦስት ወሩ አሥር አሥር ፎቶ መርጬ ፎቶ ቤት አሳትሜ አልበም ውስጥ አስገባለሁ። የኬጂ ምርቃት ገዋንም አትግዙ፤ ተከራዩት። ለአንድ ቀን ነው። ፎቶዋን ግን በትልቁ አሠሩና ግድግዳ ላይ ስቀሉላት።

ለእንቁጣጣሽ የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ከበሮ፣ አደይ አበባና እንግጫ ነው። ልጆቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ከኋላቸው አንድ ትልቅ ሰው ይከተል፤ አምና የተከተልኩት እኔ ነበርኩ። ትልቋ ከጎረቤት ልጆች ጋር "አበባየሆሽ" ስትል ትንሿ ከኋላ ሆና የምታውቀው "ለምለም" የምትለዋን ብቻ ነበር። አንድ ቤት ሰው አልነበረም። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ እሷ አበባዋን ይዛ የተዘጋው በር ፊት ቆመች፤ "ለምለም፣ ለምለም" ትለዋለች። ዘንድሮ "አበባየሆሽ" የምትለዋን እኔ ነኝ የማወጣው ብላ ከአሁኑ ሳሎን ውስጥ እየተለማመደች ነው። ተቀባዩ እኔ ነኝ።