ነጠላ የተከናነበች ሴት ጀርባዋ ሲቀየር ጠርዟ ይበላሻል፤ በማስክ እንዴት ላስተካክለው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነጠላ የተከናነበች ሴት ፎቶ አለኝ፤ የተነሳችው ፈካ ያለ ግራጫ ግድግዳ ፊት ነው። ፎቶሾፕ ላይ በሴሌክት ሰብጀክት (ሰውን በራሱ ለይቶ በሚመርጠው) መርጬ ጀርባውን በኢሬዘር አጠፋሁና ደማቅ ያልሆነ ጥቁር አረንጓዴ ላይ አስቀመጥኳት። ግንባሯ ጋ በወጣው ፀጉር ዙሪያ ነጭ መስመር ቀረ፣ ነጠላውም ካርቶን መሰለ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ከዋናው ፎቶ እንደገና ጀምር ወንድሜ። ኢሬዘር ያጠፋው ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ አይመለስም። ማስክ ግን ፎቶው ላይ የሚደረግ መሸፈኛ ስለሆነ መሸፈን እንጂ ማጥፋት አያውቅም፤ ማስኩ ላይ ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። ሴትዮዋን ከመረጥክ በኋላ ሴሌክት ኤንድ ማስክ (የምርጫውን ጠርዝ ማስተካከያ) ግባና በሪፋይን ኤጅ ብራሽ የፀጉሩን ጫፍ ብቻ ዳብስ። ወደ ግንባሩ ከገባህ ቆዳው ይሳሳል። ነጩ መስመር ፀጉሩ ውስጥ የገባ የግድግዳው ቀለም ስለሆነ ዲኮንታሚኔት ከለርስን አብራ፤ ውጤቱ ማስክ ባለው አዲስ ሌየር (የምስል ንብርብር) ይወጣል፣ ዋናው ከሥር ተደብቆ ይቆያል።

መልስ 2፦
ነጠላው ካርቶን የመሰለው ማስኩ ላይ ሙሉ ነጭ ስለሆነ ነው። ስስ ጨርቅ ግራጫ ይፈልጋል። ጥለቱ ድፍን ስለሆነ ነጭ ይሁን፤ ተደራርቦ የታጠፈውም እንደዚያው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ክፍል ብቻ ለስላሳ ጠርዝ ባለው ብራሽ ቀባው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ማስኩ ላይ ጥቁር ቀለም በ30 ፐርሰንት ኦፓሲቲ (የብራሹ ቀለም ድፍንነት) አንዴ ሲቀባ ጨርቁ 70 ፐርሰንት ይታያል፤ ማውሱን ለቀህ በላዩ ከደገምክ ግን 49 ይሆንና ነጠላው ይዥጎረጎራል። ስለዚህ ኦፓሲቲውን 100 አድርገህ ቀለሙን ራሱን ፈካ ያለ ግራጫ አድርገው። አሥር ጊዜ ብትደግመውም አይለወጥም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ግራጫውን ስቀባ ግን ፎቶው ላይ ግራጫ ቀለም አረፈ።

መልስ 2፦
ሌየሮቹ በሚዘረዘሩበት ቦታ የተመረጠው የፎቶው ትንሽ ምስል ነው። በኮንትሮል ዜድ መልሰውና ከጎኑ ያለውን የማስኩን ምስል አንዴ ክሊክ አድርግ፤ ዙሪያውን ክፈፍ ይታያል፣ ላይ ከፋይሉ ስም አጠገብም «ሌየር ማስክ» የሚል ይጻፋል። ኦልት ይዘህ ማስኩን ክሊክ ካደረግክ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይከፈታል፤ የተዘለሉ ነጠብጣቦች የሚገኙት እዚያ ነው።

መልስ 3፦
ከፀጉሩ ዙሪያ ጭጋግ ነገር ከቀረ ማስኩ እንደተመረጠ ኮንትሮል ኤል ተጫንና የሌቭልስን (የጥቁርና ነጭ ማስተካከያውን) ጥቁር ማንሸራተቻ ከ0 ወደ 20 ወይም 30 ግፋው፤ ደካማው ግራጫ ጥቁር ይሆናል። ግን መጀመሪያ ፀጉሩን በላሶ (በእጅ እየከበቡ በሚመርጡበት መሣሪያ) ክበበው፣ አለዚያ ለነጠላው የተቀባውም ግራጫ አብሮ ይጠቁራል። ሥራውን በፒኤስዲ (በፎቶሾፕ በራሱ የፋይል ዓይነት) አስቀምጥ፤ ጄፔግ ማስክ አይዝም።