ኤክስሬዩ «የወገብ ኩርባ ጠፍቷል» ይላል፤ ኤምአርአይ ልላካት?

ጤና መኮንን፣ ኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚዋ የ29 ዓመት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። 3 ሳምንት ሆኗታል፤ ህመሙ ከወገቧ ተነስቶ በግራ መቀመጫዋ በኩል እስከ ባቷ ይወርዳል። ስትቀመጥና ስታስነጥስ ይብስባታል፣ ስትራመድ ቀለል ይላታል። ቤተሰቧ «አቀማመጧ ነው» ብለው የወገብ ቀበቶ ገዝተውላታል። ኤምአርአይ ያስፈልጋታል ወይስ ቀበቶው ይበቃል?

ፊዚዮ ደሴ
አብሽር ወንድሜ፣ የኤክስሬዩ ቃል አያስደንግጥህ። ምንም የማያማቸው ሰዎችም ኩርባቸው ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ለስላሳ ትራስ) እና ነርቭ ደግሞ ኤክስሬይ ላይ አይታዩም። ይልቅ በጀርባዋ አስተኛትና ጉልበቷ ሳይታጠፍ ግራ እግሯን ቀስ ብለህ አንሣ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ መሀል ያው ህመም እስከ ባቷ ከወረደ የነርቭ ሥር ተነክቷል ብለህ ጠርጥር። ከጭኗ ኋላ ብቻ ከወጠራት ግን ጡንቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ስትስብ በእጅህ ተጫን፤ ከደከመ የተነካው ኤል 5 የሚባለው የታችኛው ወገብ ነርቭ ሥር ነው። በግራ እግሯ ብቻ ቆማ ደጋግማ ተረከዟን ማንሳት ካቃታት ከእሱ በታች ያለው ኤስ 1 ነው።

ሽንት እምቢ ካላት ወይም ካመለጣት፣ መቀመጫዋና ብልቷ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሯ ከደከመ በዚያው ቀን ሪፈር ጻፍ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የአከርካሪ ቲቢን አስብ። እነዚህ ከሌሉና ድክመቱ ካልጨመረ ኤምአርአዩ እስከ 6 ሳምንት ይቆያል።

የስፌት መስመር
ወንበሯንም እዩላት። ጀርባን የሚያቀናው ጡንቻ ከአከርካሪው መሀል የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 10 ኪሎ ጥቅል ጨርቅ ከወገቧ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከተያዘ ጡንቻው የ100 ኪሎ ያህል ይስባል፤ 25 ላይ ሲቀርብ 50 ይሆናል። ያ ሁሉ ዲስኩን ይጫናል፣ የገዛ አካሏ ክብደት ሳይቆጠር። ፔዳሉ ከራቀ ደግሞ ወደ ወንበሩ ጫፍ ትንሸራተታለች፣ መደገፊያው ባዶውን ይቀራል። ፔዳሉን አቅርቡላት፣ ዳሌዋ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ፎጣ ጠቅልላ ከወገቧ ኋላ ታድርግ። ጨርቁ ከጎኗ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ማጎንበስና መጠምዘዝ አንድ ላይ ሲመጡ ዲስኩን ክፉኛ ይጎዱታል። ቡና ላይም ዝቅ ያለች ዱካ ለጊዜው ትቅርባት።

ጤና መኮንን፣ ኮምቦልቻ
እግዜር ይስጥልኝ። 45 ዲግሪ ላይ እስከ ባቷ ወረደ፤ አውራ ጣቷም ተረከዟም ግን ደህና ናቸው። እንቅስቃሴ ምን ልስጣት?

ፊዚዮ ደሴ
በሆዷ ትተኛ፤ 2 ደቂቃ በክርኗ ተደግፋ ትቆይ፤ ከዚያ ዳሌዋ ፍራሹን ሳይለቅ በእጇ ደረቷን 10 ጊዜ ታንሣ። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ትድገመው። ህመሙ ባቷን ለቆ ወደ መቀመጫዋና ወደ ወገቧ ከተሰበሰበ፣ ወገቧ ለጊዜው ቢብስባት እንኳ መንገዱ ትክክል ነው። ወደ እግሯ ከወረደ አቁማት። ዲስክ ሌሊት ውሃ መጥጦ ስለሚያድር ጠዋት ውጥር ያለ ነው፤ ከእንቅልፍ በተነሳች በመጀመሪያው ሰዓት በዚያ አጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብላ ቤት አትጥረግ። ቀበቶው ከባድ ነገር ለማንሳት ለአጭር ጊዜ ይሁን እንጂ ዲስኩን አያድነውም።

ደግሞ ይህን ለሁሉም እንዳትሰጥ። እዚህ ደሴ ቁልቁለት ሲወርዱ እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ዳገት ሲወጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ የሚቀላቸው አዛውንቶች አሉ። የነርቭ ቦያቸው ጠብቦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ኋላ መለመጥ ያብስባቸዋል፤ ለእነሱ ጉልበትን ወደ ደረት ማቀፍ ነው የሚሻለው።