ነርስ የአደጋ እቅዱን ባታውቅ ማን ይጠየቅ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት አንድ አባላችን «የሆስፒታሏን የድንገተኛ አደጋ እቅድ የማታውቅ ነርስ ከውጤት ተኮሯ (ከሥራ ምዘና ነጥቧ) ይቀነስባት» ብሎ ጽፎ ግማሹ አመሰገነው፣ ግማሹ ተቆጣው። ጥምቀት እየደረሰ ነው፣ እንጨርሰው። ስድብ የለም።

የአዘዞው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልመለስበትም። ጥር 2012 ጥምቀተ ባሕሩ ላይ የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፣ ከ100 በላይ ተጎድቷል። በየዓመቱ ይህን ያህል ሰው በሚሰበሰብበት ጎንደር «እቅዱን አላየሁትም» ሰበብ አይሆንም። ዶክተሩ እስኪደርስ በሩ ላይ የምትቆመው ነርስ ናት።

የማታ ተረኛ፦ ወንድምዓለም፣ ላስረዳህ። የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም። እቅዱ አለ። ያየሁት አንዴ ነው፣ ሱፐርቪዥን የመጣ ቀን። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ቦክስ ፋይል፣ ኃላፊያችን መሳቢያ ውስጥ። ሱፐርቪዥኑ ሲሄድ ተቆለፈበት። ኃላፊያችን ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ቁልፏን ይዛ ትወጣለች።

አንድ ሌሊት ሚኒባስ ተገልብጦ 14 ሰው ባንዴ መጣብን። ሁለት ነርስ፣ ጎማው የሚዞር አንድ ስትሬቸር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት የሆነው ሰው አነሳው። «እህቴ፣ እኔ እኮ አሁን ባሕር ዳር ነኝ» አለኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የሚጮኹትን አስቀደምን። የባሰበት ግን ጥግ ይዞ ዝም ያለው ልጅ ነበር። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ብዬ ትሪያጅ (ቁስለኛን በጉዳቱ ክብደት መለየት) ሸምድጃለሁ። ቁስለኛው ላይ የሚታሰረው ካርድ የት እንደሚቀመጥ ግን የነገረኝ የለም። በል አሁን ቀንስብኝ።

የአዘዞው፦ ልጁስ?

የማታ ተረኛ፦ ተርፏል። ጓደኛዬ ዝምታው አላምር ብሏት ነው የሄደችለት።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ልጆቼ፣ ነገሩን የነርስ ብቻ አታድርጉት። ይህ ከተማ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተበት ነው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው ገጠር ወርደው በቡድን ነበር የሚለማመዱት። ዘበኛው በሩን ካላስለቀቀ፣ ካርድ ክፍል ስም ካልመዘገበ፣ ነርሷ እቅዱን በቃሏ ብትወጣው ምን ታደርጋለች?

የማራኪ ልጅ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን አልጋው ሁሉ ተይዞ ማን ይለማመዳል? እኛ አንዴ ሞክረን፣ የውሸት ቁስለኛ አስተኝተን እያለ የእውነት ምጥ መጣችብን። ቁስለኛው ራሱ ተነስቶ አልጋውን ለቀቀላት።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ኪኪኪ፣ ይኼማ ጎበዝ ቁስለኛ ነው። ሁልጊዜ ትልቅ ልምምድ አያስፈልግም፣ ልጄ። በርክክብ ሰዓት 15 ደቂቃ። «40 ሰው መጣ፣ አንቺ የት ትቆሚያለሽ? ማንን ትጠሪያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የየሰዉ ድርሻ ደግሞ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ግድግዳ ላይ።

የአዘዞው፦ እሺ፣ ላሻሽለው። መጀመሪያ ከቆለፈው ይቀነስ። ልምምድ ተጠርታ የቀረች ካለች ግን ከእሷም።

የማታ ተረኛ፦ 12 ሰዓት ሙሉ አድሬ ጠዋት ልምምድ ነይ ካልከኝ አልመጣም። ማታ አድርጉት፣ አደጋውም ማታ ይመጣል።

የአዘዞው፦ ይሁን፣ ማታ። ሲስተር፣ ያ ስልክ ቁጥርስ ተቀየረ?

የማታ ተረኛ፦ አልተቀየረም። ለሰውየው አዝኜ ሰርዤዋለሁ።