«መታጠኛ» ወይስ «መማጊያ»? በጥንቱ የኤተር ዕቃ ስም ላይ የተደረገ ውይይት

ጠያቂ፦
ውድ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ታሪክ የምተረጉመው ጽሑፍ በአንድ ዕቃ ስም ላይ አቁሞኛል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ዊልያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም፣ ዕቃው ተሠርቶ እስኪያልቅ ሲጠብቅ ዘግይቶ ደረሰና ለታማሚው ኤድዋርድ ጊልበርት አቦት ኤተር የተባለውን፣ እንፋሎቱ ሲሳብ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ሰጠው፤ ከዚያም ቀዶ ሐኪሙ ጆን ኮሊንስ ዋረን የታማሚውን የአንገት እብጠት ቀደደ። ዕቃው ባለ ሁለት አፍ ድቡልቡል መስታወት ነው። በውስጡ ኤተር የጠጣ ስፖንጅ አለ፤ በአንዱ አፍ አየር ይገባል፣ ሌላውን ታማሚው በከንፈሩ ይይዛል። «መሳቢያ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንባቢ ግን የጠረጴዛ መሳቢያ እንዳይመስለው ሰጋሁ። «ማሽተቻ» ብልም ሽቶ ይመጣበታል። ምን ልበለው?

የቅኔ ተማሪው፦
«መታጠኛ» ይበሉት። ጉንፋን ሲይዘን እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ድስቱን ከፊታችን አስቀምጣ፣ በጋቢ ሸፍና «ታጠኑ» ትለን ነበር። እንፋሎትን ለመድኃኒት ወደ ውስጥ መሳብ በአማርኛ መታጠን ነው፤ ሌላ ስም መፈለግ አያስፈልግም።

መሪጌታ፦
ልጄ፣ ሥሩን ሳይመረምሩ ቅርንጫፉን መያዝ አይገባም። «ዐጠነ» ያለ እሳት አይቆምም። እመቤታችን በውዳሴ ማርያም «ማዕጠንት ዘወርቅ» የተባለችው ፍሕመ እሳትን ስለ ተሸከመች ነው። የእናትህም ድስት ከምድጃ የወረደ ነው። ኤተር ግን እሳት ሲቀርበው የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ፣ «መታጠኛ» የሚለውን ያነበበ ሰው ፍም ቢያቀርብለት ጥፋቱ የተርጓሚው ይሆናል። እኔ «ማገ» ከሚለው «መማጊያ» እላለሁ።

ሰመመን ሰጪዋ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ፤ እሳቱን ያራቁት በትክክል ነው፣ ሙቀቱን ግን አብረው አራቁት። ኤተር ሲተን ሙቀትን ከራሱና ከዕቃው ስለሚወስድ፣ ስፖንጁ እየቀዘቀዘ በሄደ መጠን እንፋሎቱ ይሳሳል፤ በዚህ የተነሣ ታማሚው የሚያገኘው መጠን ከደቂቃ ደቂቃ ይለያያል። በለንደን ሐኪሙ ጆን ስኖው ይህንን ተረድቶ በ1847 ኤተሩን በብረት ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዕቃውን በውኃ ውስጥ አስቀመጠው፤ ብረት ከመስታወት ይልቅ ሙቀትን ያስተላልፋልና፣ ውኃው የጠፋውን ሙቀት እየተካ የእንፋሎቱን መጠን ያጸናዋል። ስለዚህ ሙቀት የዚህ ዕቃ ዋና ጉዳይ ነው፤ «መታጠኛ» የሚለውም ከሚያስቡት በላይ ይስማማዋል።

ሌላ አባል፦
«ማደንዘዣ» የሚለው እያለ ለምን እንደክማለን? ቢላዋ ሲዶለድም «ደነዘ» እንላለን፤ በእኔ እምነት «ደነዘዘ» ከዚሁ የወጣ ነው። ስለቱ እንደ ተሳለ ሆኖ የደነዘው ገላው ነው።

መሪጌታ፦
ፍቺህ ያማረ ነው፣ ግን መድኃኒቱን እንጂ ዕቃውን አይሰይምም። መድኃኒቱን ካነሣን ዘንድ ከባድ እንቅልፍ ማለት የሆነው የግእዙ «ድቃስ» ይቀድማል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 21 የአዳም አጥንት የተወሰደው ድቃስ መጥቶበት ነው። በ1847 የኤድንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ክሎሮፎርም የተባለውን ሌላ ማደንዘዣ በሃይማኖት ስም ለተቃወሙት ሰዎች የመለሰው ይህንኑ ጥቅስ ይዞ ነው።

ሰመመን ሰጪዋ፦
በግእዙ ልክ ነዎት። በአማርኛ ግን «ደቀስ አለ» የምንለው ወንበር ላይ ሸለብ ያደረገውን ሰው ነው፤ እሱ ስለት ሲነካው ብድግ ይላል። በሙያችን «ሰመመን» የምንለው ስለቱን የማይሰማውን ነው።

የቅኔ ተማሪው፦
እንግዲያውስ «ሰመመን» ራሱ ከ«ሰማ» ጋር ይዛመዳል እላለሁ፤ ድምፅን ከሩቅ እየሰሙ መልስ አለመስጠት ነው።

መሪጌታ፦
አይዛመድም። «ሰማ» በግእዝ «ሰምዐ» ነው፤ «ዐ» የሚለውን ፊደል የት ጥለኸው ነው ሁለተኛውን «መ» ያመጣኸው?

ጠያቂ፦
ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ፤ ዕቃው ግን ገና ስም አላገኘም። ችግሩም ተባብሷል። ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን በመሐረብ ላይ አፍስሶ ይሰጥ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ክሎቨር ደግሞ በ1862 ክሎሮፎርምና አየር በታወቀ መጠን የተቀላቀሉበትን ትልቅ ከረጢት በጀርባው አንጠልጥሎ፣ በቱቦ ከታማሚው ፊት ጋር አገናኝቶ ይሠራ ነበር። መስታወቱን፣ መሐረቡንና ከረጢቱን በአንድ ቃል መጥራት እችላለሁን?

መሪጌታ፦
በከረጢት አይታጠንም።

የቅኔ ተማሪው፦
በመሐረብስ ይማጋልን?