ልጄ 10ኛ ክፍል ነው፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው፤ ለኮሌጅ ቤዝቦል የትኛው ወጪ ያዋጣል?

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በ2028 ነው የሚመረቀው። ቀኝ እጅ ፒቸር ነው፣ በሰዓት 82 ማይል ይወረውራል፣ ውጤቱ 3.6 ነው። ክለቡ ለሰመር 3,800 ዶላር ጠይቆናል፤ ሆቴልና ነዳጅ ለብቻው ነው። «ከኮሌጅ ኮቾች ጋር እናገናኘዋለን» የሚል ድርጅት ደግሞ 2,500 ይላል። ከአንድ ዩኒቨርሲቲም የካምፕ ግብዣ በኢሜይል መጥቶለታል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል ብለን ይህን ሁሉ ብናወጣ ያዋጣናል?

የሜዳው_ሰው፦
እህቴ፣ በቤዝቦል ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። በዲቪዚዮን 1 (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) አንድ ቡድን ለዓመታት የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነው፤ ያንን እስከ 27 ልጆች ይከፋፈሉት ነበር። ከጁላይ 2025 ወዲህ ሀውስ በሚባለው የኮሌጅ ስፖርተኞች ክስ የተደረሰውን የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ጣሪያው ተነሥቶ ቡድኑ ከ34 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተደርጓል። ሀብታሞቹ ለብዙ ልጅ ይከፍላሉ፤ የቀሩት እንደ ድሮው ቆራርሰው ነው የሚሰጡት። ቦታውም ጠቧል፤ ብዙ ኮች ከሃይስኩል ልጅ ይልቅ በትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት) የጠነከረ የ21 ዓመት ልጅ ማምጣት ይመርጣል።

ዲቪዚዮን 3 እና አይቪ ሊግ ለስፖርት ምንም አይሰጡም፤ በቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት እርዳታ ግን ከሩብ የቤዝቦል ስኮላርሺፕ ሊበልጥ ይችላል፤ ብዙ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች ለጥሩ ውጤትም ይከፍላሉ። ለዚህ ነው የልጅሽ 3.6 ከ82 ማይሉ በላይ ገንዘብ የሚያመጣው። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር አለ፤ ገቢያችሁን አስገቢና እናንተ የምትከፍሉትን ዛሬውኑ እዪው። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ግሪን ካርድ ላለውም፣ ጥገኝነት ላገኘውም ይሠራል። ኮች በቃል ያለው ነገር አያስርም፤ በጽሑፍ የተሰጠ የገንዘብ ስምምነት ይኑራችሁ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነም ጠይቂ።

ቡልፔን፦
2,500ውን አትክፈዪ! ድርጅቱ የሚልከውን ኢሜይል ልጁ ራሱ በነጻ ይልካል፤ ኮችም በጅምላ ከተላከ ይልቅ ልጁ የጻፈውን ያነባል። ሠላሳ ያህል ኮሌጅ ይምረጥ፤ ከሁሉም ደረጃ ይሁን፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳይቀር። ዲቪዚዮን 1 ቀኝ እጅ ፒቸርን ባብዛኛው ከ80ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው የሚያየው፤ ልጁ ገና ጊዜ አለው፣ ተስፋውን ግን እዚያ ብቻ አያድርግ።

ኢሜይሉ ለፒቺንግ ኮቹና ለምልመላ ኃላፊው ይሂድ። ርዕሱ ላይ «2028፣ ቀኝ ፒቸር፣ 82፣ ውጤት 3.6፣ ሜሪላንድ» ብሎ ይጻፍ። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) ጀርባና ከጎን የተቀረጸ፣ ፍጥነቱን የሚለካው ራዳር የሚታይ፣ ሙዚቃ የሌለው። የጨዋታ ፕሮግራሙን፣ ሰዓትና ሜዳ ጨምሮ፣ ከሥር ያያይዝ። የዲቪዚዮን 1 ኮች 11ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ካለው ኦገስት 1 ቀድሞ መልስ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ዝምታውን እንደ እምቢታ አትዩት። ዲቪዚዮን 3 እና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግን አሁኑኑ ይመልሳሉ።

የካምፑ ግብዣ «ውድ ተጫዋች» ብሎ ጀምሮ በመክፈያ ሊንክ ካለቀ የካምፕ ሽያጭ ነው። ልጁ «የት አያችሁኝ? የ2028 ቀኝ ፒቸር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይመልስ። ኮቹ በስሙ ጠርቶ ከጻፈለት ይሂድ።

ከሁሉ በላይ ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ኮርሶቹን ነው። ለዲቪዚዮን 1፣ 16 ኮር ኮርስ (የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸው ዋና ትምህርቶች) እና በእነሱ 2.3 ውጤት ያስፈልጋል። ከእነዚህ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ 7ቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ። ከዚያ በኋላ እነሱን ዳግም ወስዶ ውጤት ማሻሻል አይቻልም። ሃይስኩሉ ክሬዲት የሰጠው ኮርስ በኤንሲኤኤ ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላልና ከካውንስለሩ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። 9ኛን አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ካለ ትራንስክሪፕቱን ከወዲሁ ያስመጣ።

እናት_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክለቡንስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

የሜዳው_ሰው፦
በቡድኑ ስንት ፒቸር እንዳለ ጠይቂ። አሥራ ሁለት ካሉ ልጁ በሳምንት ሁለት ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል) ቢያገኝ ነው፤ ለዚያ 3,800 ብዙ ነው። ያለፉት ሁለት ዓመት ልጆች የት ኮሌጅ እንደገቡ በዝርዝር ይስጡሽ። ቢጎዳ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩልሽ። ብዙ ክለብ በየወሩ መክፈልና ቅናሽ አለው፤ ካልጠየቅሽ ግን አይነግሩሽም።

ቡልፔን፦
ስለ ክንዱም እባክሽ። ፒች ስማርት በሚባለው የወጣት ፒቸሮች ክንድ ጥበቃ መመሪያ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ የቀን ጣሪያው 95 ውርወራ ነው፤ ከ76 ጀምሮ 4 ቀን ዕረፍት ይፈልጋል። በዓመትም ቢያንስ 4 ወር ከውድድር ውርወራ ማረፍ አለበት። አደጋው ያለው ሁለት ቡድን ላይ ነው፦ ሐሙስ ለሃይስኩሉ 80 ወርውሮ ቅዳሜ ለክለቡ ይሰለፋል፣ ሁለቱ ኮቾች ደግሞ አይነጋገሩም። የውርወራውን ቁጥር ከየጨዋታው በኋላ ስልክሽ ላይ መዝግቢና ለሁለቱም ኮቾች ላኪላቸው።