የ30 ዓመት ሲንግል ግሬን ዊስኪ አሴቶን አሴቶን ሸተተኝ፣ ተሸውጄ ነው?

የግላስጎው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት 40 ዓመት ሞላኝና ለራሴ ስጦታ ብዬ ኢንቨርጎርደን ከሚባል የስኮትላንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ሲንግል ግሬን ዊስኪ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በርሜል የገባ፣ 30 ዓመት የተኛ፣ አልኮሉ 46.8 በመቶ። ያሸገው ፋብሪካው ራሱ ሳይሆን በርሜል እየገዛ በራሱ ስም የሚያሽግ ሌላ ድርጅት ነው። ሻጩ «ማር በለው» ብሎኝ ነበር። ከፍቼ ሳሸተው ግን የእህቴ ጸጉር ቤት ነው ትዝ ያለኝ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ! ቀለሙም ፈዛዛ ነው፣ ያልበሰለ ጠጅ ይመስላል። እኔ የለመድኩት ጭስ ጭስ የሚሉትን የአይላ ደሴት ሞልቶች፣ ማለትም ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠሩትን ዊስኪዎች ስለሆነ ይሄኛው አፌ ውስጥ ገብቶ የት እንደጠፋ እንኳን አላወቅኩም። ደግሞ ሲንግል ግሬን ሲባል ከአንድ እህል ብቻ የተሠራ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳነብ እንደዛ አይደለም ይላሉ። ልመልሰው ወይስ አጠጣጡን አላወቅኩበትም?

ሁለት መለኪያ፦
ለእኔ ላከው፣ በነጻ እመረምርልሃለሁ።

ጋሽ በርሜል፦
ልጄ፣ አትመልሰው። ኤዲንብራ አካባቢ በርሜል መጋዘን ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።
«ሲንግል» ማለት አንድ ፋብሪካ ማለት ነው እንጂ አንድ እህል ማለት አይደለም። ትንሽ የገብስ ብቅል ይገባል፣ ቀሪው ስንዴ ወይም በቆሎ ነው። ትልቁ ልዩነት አወጣጡ ላይ ነው። ሞልቱ እንደኛ አረቄ በማሰሮ ነው የሚወጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይነጠራል፣ ዳግም በለው። ግሬኑ ግን እ.ኤ.አ. በ1830 ኤኒያስ ኮፊ የሚባል የአየርላንድ ሰው የባለቤትነት መብት ባወጣበት ረጅም ማማ ውስጥ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ሕጉ እስከ 94.8 በመቶ ድረስ ማንጠርን ይፈቅዳል። ያን ያህል የጠራ ነገር ከእህሉ ይዞት የሚመጣው ጣዕም ጥቂት ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ሙሉ ሲያወራ የኖረው የበርሜሉ እንጨት ነው። ከሞልት ጋር ካወዳደርከው ሁሌም ቀሎ ነው የሚታይህ፣ እሱን ተወው። እንጨቱ ምን አለ ብለህ ጠይቅ።
ቀለሙ አያስደንግጥህ። አሜሪካኖች ቦርቦን የሚሉትን ዊስኪያቸውን በአዲስ በርሜል ብቻ ነው የሚያስቀምጡት፣ ያገለገለውን ለስኮትላንድ ይሸጣሉ። እዚህ ደግሞ ያው በርሜል ሁለቴም ሦስቴም ይሞላል። ሦስተኛ ዙር ላይ ያለ በርሜል 30 ዓመት ይዞትም ፈዛዛ ያወጣዋል። እንዲያውም ጥቁር ያለው ላይ ተጠራጠር፣ ካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቀዳል።
አሴቶኑን በተመለከተ፣ ግሬን ላይ የተለመደ ነው፣ በተለይ እንደተከፈተ። ጥያቄው ይሄዳል ወይ ነው። ትንሽ ቅዳ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ። 20 ደቂቃ ተወው፣ ስልክህን አስቀምጥና ወሬ አውራ። ከዚያ አፍንጫህን ሳትከት፣ አፍህን ትንሽ ከፍተህ አሽት። ከአሴቶኑ ጀርባ ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ ከረሜላ ከመጣ እንጨቱ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ። በረዶ የሚባል ነገር እንዳላይ!

ሰብለ ከለንደን፦
ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ግን አንድ ነገር ልቃወም። ሰው ቁጥር እያየ ነው የሚገዛው። 30 ዓመት ስለተጻፈበት ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ በሕግ ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ዊስኪ ለመባል 3 ዓመት በኦክ በርሜል ይበቃዋል። እኔ የቀመስኳቸው አንዳንድ የቆዩ ግሬኖች አፍ የሚያደርቁ፣ ምድጃ ላይ የተረሳ ሻይ የሚመስሉ ነበሩ። የጋሼ ምርመራ ላይ አንድ ጨምርበት፣ ሃይግ ክለብ ግዛና አጠገቡ ቅዳው። ካሜሮንብሪጅ ከሚባል የስኮትላንድ ፋብሪካ የሚመጣ ሲንግል ግሬን ነው፣ ዕድሜ አልተጻፈበትም፣ ዋጋውም አይጎዳህም። ሁለቱን እያፈራረቅክ ስትቀምስ ዓመታቱ ምን እንደጨመሩ ታውቃለህ። ምንም ካልጨመሩልህ አንተም ቁጥር ነው የገዛኸው። እና ይቅርታ፣ የለመድኩት ሞልት ነው ስትል ሳቄ መጣ። ብላክ ሌብል ጠጥተህ አታውቅም? ውስጡ ከሞልቱ ጋር ግሬን አለበት እኮ።

ሁለት መለኪያ፦
ቢያስቀምጠውስ፣ 10 ዓመት ቆይቶ አይሻልም?

ጋሽ በርሜል፦
ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ዕድሜው ቆሟል፣ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ነው። በርሜል ውስጥም ቢሆን መጠበቅ ነጻ አይደለም፣ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይተናል፣ እዚህ ሰዎቹ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። መጋዘኑ ጠዋት ሲከፈት ሽታው ብቻ ሞቅ ያደርግህ ነበር። እዚህ አገር አልኮሉም እየወረደ ነው የሚሄደው፣ ከ40 በታች ከወረደ ደግሞ ስኮች ብለው ሊሸጡት አይችሉም። የሰብለን አልክድም፣ የደረቀ በርሜል አለ። ልጄ፣ ጠርሙሱን ደግሞ እንደ ወይን አታጋድመው፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

የግላስጎው ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰብልዬ አንቺንም። ትናንት ማታ እንዳላችሁት አደረግኩ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ያው ጸጉር ቤት ነው። አይጠፋም ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ኮኮናቱ መጣ፣ ቀጥሎ ልጅ ሆኜ የምበላት የወተት ከረሜላ። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ሳደርግበት አሴቶኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ያደርቃል፣ እዚያ ላይ ሰብለ ልክ ነሽ። ሃይግ ክለቡ አጠገቡ ሲቀርብ ጣፋጭ ነው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ይሄኛው ሳህን እያጠብኩ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። የሚገርመው ጠዋት ያልታጠበውን ብርጭቆ ሳሸት ቫኒላ ብቻ። ባለቤቴ «ኬክ ጋግረሃል እንዴ?» አለችኝ።
ከአይላው አይበልጥብኝም። ግን አልመልሰውም።

ሁለት መለኪያ፦
ባዶውን ብርጭቆ እንኳን ላክልኝ።